ቅድመ አያቱ «ባዶ መሬት» ላይ ሰፈረ አሉን

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ የቀረበውን እንግዳ የሰማ አለ? ቅድመ አያቱ በ1893 (እ.ኤ.አ.) ከጣሊያን መጥቶ ኤርትራ ውስጥ ሰራዬ፣ ጎዶፈላሲ የሰፈረ ገበሬ ነው። ሰውዬው መዝገብ እያገላበጠ ታሪኩን አገኘ፤ ጎበዝ። ግን «ባዶ መሬት አለማ» ሲል ጋዜጠኛው «ዋው» ብሎ አለፈው። ባዶ?

ቡና በጨው፦ ኧረ ተረጋጋ። ቤተሰቡ ያወረሰውን ነው የተናገረው። ጊዜው ክፉ ቀን ነበር። በሽታው ከብቱን ጨረሰ፣ ረሃቡ ሰውን ፈጀ፣ የተረፈው ተሰደደ። ሰው አልነበረም ማለት ውሸት አይደለም።

የፒያሳ ልጅ፦ የከብት በሽታውስ በየት ገባ? በምፅዋ። ምፅዋ ማን እጅ ነበረች?

የሰራዬ ዘር፦ እኔ የምናደደው በሌላ ነው። ደጋው ላይ መሬት የርስት ነው፣ ወይም እንደ ዴሳ የመንደሩ ነው፣ በየጊዜው ይደለደላል። ረሃብ ያሰደደው ሰው ርስቱን ይዞት አይሄድም፣ ሲመለስ ይጠብቀዋል። የኛዎቹ ተመልሰው ሲመጡ መሬታቸው የመንግሥት ሆኖ ጠበቃቸው። ባዶ ያላችሁት እሱን ነው።

መምህሩ፦ ነገሩን ለማስታወስ ያህል። አሳቡ የባሮን ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ ነው፣ የፓርላማ አባል። መሬት የሌለው የጣሊያን ድሃ አሜሪካ ከሚሰደድ ኤርትራ ይስፈር አለ። መንግሥት ለሰፋሪ ዘርና በሬ በብድር ሰጠ። ለዚህ ሲባል በመቶ ሺዎች ሄክታር ተወረሰ፤ የሰፈረው ግን ጥቂት ቤተሰብ ነው። በ1894 መጨረሻ የአካለ ጉዛይ ገዥ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ሰገነይቲ ላይ ሆነው በጣሊያን ላይ ተነሱ፣ ሐላይ ላይ ወደቁ። ብዙም ሳይቆይ ዓድዋ መጣ፣ የፍራንኬቲም ዕቅድ አብሮ ቀረ።

ቡና በጨው፦ በብድር! አያችሁ? ሰውዬው ባለዕዳ ድሃ ነው። መሬቱን የወረሰው ባሮኑና ጦሩ እንጂ እሱ ምን አደረገ? ደግሞ ደጃች ባሕታም መጀመሪያ የጣሊያን ወዳጅ ነበሩ፣ እንዳትረሱት።

የሰራዬ ዘር፦ ልክ ነህ፣ ወዳጅ ነበሩ። ወዳጃቸው እንኳ ያልቻለውን ነገር አንተ በመቶ ዓመትህ ቻልከው።

ቡና በጨው፦ 😂 በመቶ ዓመቴ? አክብሩኝ እንጂ ታዲያ።

አስመሪኖ በስደት፦ ይቅርታ፣ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ሰራዬ መሬት ምን አቃጠለው? የኛ ጉዳይ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ዓድዋ ላይ የሞተው ያገባዋል ወንድሜ።

ዲሲ ያለው፦ ሁላችሁም ተሸወዳችኋል። ፓስፖርት ፍለጋ ነው! ጣሊያናዊ ቅድመ አያት ያገኘ ሁሉ ወዲያው ታሪክ ወዳድ ይሆናል።

መምህሩ፦ ዜናው አልደረሰህም። ከመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የጣሊያን የዜግነት ሕግ ጠብቋል፤ ወላጅ ወይም አያት ካልሆነ ቅድመ አያት አያስቆጥርም።

ዲሲ ያለው፦ እሱ መቼ አወቀ? ፍለጋውን የጀመረው ከዚያ በፊት ይሆናል።

የከረን እህት፦ ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። የኔም አያት ጣሊያን ነው፣ ኋላ ከ1935ቱ ጦርነት ጋር ከመጡት። የእናቴ የልደት ወረቀት ላይ ስሙ የለም። በግንቦት 1940 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ክልሱን ልጁን ልጄ ማለት ተከልክሏል፣ ማሳደጊያውም በእናትየዋ ላይ ወደቀ። ይኼ የሬዲዮው ሰው የቅድመ አያቱን በሬ እንኳ መዝገብ ላይ አገኘ። እኔ የሰው ስም አጣሁ። ማን ባዶ እንደሆነ እዚህ ጋ ንገሩኝ።

ቡና በጨው፦ እህቴ፣ ያንቺ እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ግን የ1940ው ሕግ የሙሶሊኒ ነው፣ የ1893ቱን ገበሬ አትጫኚበት።

የከረን እህት፦ አልጫንኩም። ቅድመ አያቱን ይፈልግ፣ ይጻፍ። ከመሬቱ የተነሳውንም ሰው በዚያው ትጋት ይፈልገው ነው የምለው። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አለ፣ ሮም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቅኝ ግዛቱ ሰነድ አለ። የተወረሰ መሬት የማን እንደነበር የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

የሰራዬ ዘር፦ በሉ፣ ይቺን መልሱላት።

ዲሲ ያለው፦ እኔ የማልመልሰው ሌላ ነው። የፒያሳው፣ ባለፈው «ቅድመ አያቴ ከምኒልክ ጦር ጋር ደቡብ ዘምቶ ገባር ተደልድሎለት ነበር» ብለህ በኩራት የጻፍከው አንተ አይደለህም? ነጭ ሲሆን ሰፋሪ፣ ያንተ ሲሆን መኳንንት?

የፒያሳ ልጅ፦ ርዕስ አታዙር። ያ ሌላ ነው።

ዲሲ ያለው፦ እንዴት ሌላ? መሬቱ እዚያ ባዶ ነበር?

የፒያሳ ልጅ፦ አገር ማቅናትና ባሕር ተሻግሮ መውረር አንድ ነው እያልክ ነው?

ቡና በጨው፦ ኧረ «ማቅናት»! ይቺን ደግሞ ማን አስተማረህ?

የፒያሳ ልጅ፦ ስለ ገባር ማውራት ከፈለጋችሁ ሌላ ክርክር ክፈቱ።

ዲሲ ያለው፦ እከፍታለሁ። አንተ ትመጣለህ ግን?