እናትየው አልመለሰችም፤ ግን መልሳለች?

ሌሊት ጸሐፊዋ፦
የአጭር ፊልም ስክሪፕት ላይ ነኝ። ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ቤቱ ይመለሳል። እናቱ ወለል እየወለወለች ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን ቁስሉ አልሻረም» ትለው ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ደረቀብኝ። እንዲህ ቀየርኩት፦

— እማዬ፣ ይቅር ብለሽኛል?
— ጫማህን አውልቅ። ወለሉ ገና አልደረቀም።
— አልመለስሽልኝም እኮ!

አብሮኝ የሚጽፈው ልጅ «ተመልካቹ ግራ ይገባዋል» ይላል። ፈላስፋው ፖል ግራይስ የጭውውት ሕጎች ያላቸውን አውቃለሁ፦ የሚበቃውን ያህል ተናገር፣ እውነት ተናገር፣ ከጉዳዩ አትውጣ፣ ግልጽ ሁን። እናትየው ከጉዳዩ ወጥታለች። ሕግ መጣስ ትርጉም የሚሰጠው መቼ ነው?

የቋንቋ መምህር፦
ጥሰቱ ሲታይ ነው። ግራይስ በ1967 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ ባቀረበውና በ1975 በታተመው ትምህርቱ ሁለት ነገር ለይቷል። ውሸታም ሕጉን ተደብቆ ይጥሳል። ሌላው ግን በግላጭ ይጥሳል፤ አድማጩ እንዲያይለት ይፈልጋል። የሰጠው ምሳሌ እስካሁን ይገርመኛል። አስተማሪ ለፍልስፍና ሥራ ላመለከተ ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፦ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ከክፍል አይቀርም። በቃ። ስለ ፍልስፍናው አንድ ቃል የለም። አንባቢው ግን ገብቶታል።

ስለዚህ እናትየው ጥያቄውን መስማቷ ይታይ። እጇ መወልወያው ላይ ቀጥ ይበል። ካልሆነ ጆሮዋ የደከመ ይመስላል።

አንባቢ 7፦
ይሄ እኮ ሰምና ወርቅ ነው።

የቋንቋ መምህር፦
ይቀራረባሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። በሰምና ወርቅ ቃሉ ራሱ ሁለት ፍቺ አለው። «ጫማህን አውልቅ» ግን ፍቺው አንድ ነው። ሌላውን ትርጉም ያመጣው የተባለበት ቦታ ነው።

ኤዲተሩ፦
እኔ ደግሞ ነገሩ ያለው ጫማው ላይ ነው እላለሁ። እናትየው «ዝናቡ አባርቷል» ብትለው አስቢ። ያው ከጉዳዩ መውጣት ነው፤ ግን ልጁ «ሂድልኝ» ያለችው ይመስለዋል። ጫማውን የሚያወልቅ ሰው ግን የሚገባ ሰው ነው። ሕጉ አንድ፣ ጥሰቱ አንድ፣ ትርጉሙ ተቃራኒ! ይቅር አላለችውም፣ ግን ግባ ብላዋለች። ቆንጆ መስመር ነው፣ እንዳትነኪው።

«አልመለስሽልኝም እኮ» የሚለውን ግን ባክሽ አውጪው። ተመልካቹ ራሱ ሊደርስበት ሲል ልጁ ቀድሞ እየነጠቀው ነው።

ሌሊት ጸሐፊዋ፦
ሰረዝኩት! አሁን ልጁ ምንም አይልም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታል። ክሩ ተቋጥሮበታል። እናትየው መወልወያውን ይዛ ቆማ ትጠብቀዋለች።