እጄ ትንሽ ነው፣ የትኛው ሽጉጥ ይሻለኛል? (አዳማ)

የናዝሬት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምኖረው። ገንዘብ የሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ አጃቢ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መሣሪያው የድርጅቱ ነው፣ ፈቃዱም ሥልጠናውም በሕጉ መሠረት ያለቀ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው።

እስካሁን የያዝኩት ማካሮቭ ነው። ሲያስረክቡኝ ኃላፊው «ለሴት ትንሿ ትሻላለች» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ግን ልምምድ በወጣን ቁጥር አፍሬ ነው የምመለሰው። ባለፈው ሳምንት ከ10 ሜትር 8 ጥይት ተኩሼ ወረቀቱን ያገኙት 3 ብቻ ናቸው፣ እነሱም ታች በግራ በኩል ተሰብስበው። የምተኩሰው በቀኝ እጄ ነው። ከአራተኛው ጥይት በኋላ የአውራ ጣቴ ሥር ቀልቶ ማታ እንጀራ ስቆርስ ራሱ ያመኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጥይት ስተኩስ ቃታው ድንጋይ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሳላስበው ያመልጠኛል። ማቀባበሉን አታንሱብኝ። ሁሉም እያየኝ ሁለቴ ሦስቴ እታገላለሁ።

ግምጃ ቤት ውስጥ ቶካሬቭና ሲዜድ 75 አሉ። «ከፈለግሽ ቀይሪ፣ ግን አንዴ ከቀየርሽ ቀየርሽ ነው» ተብያለሁ። ከእጄ አንጓ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሥራ ላይ በርሜል ውስጥ ጥይት ሳይኖር ነው የምንይዘው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። የምታውቁ ሰዎች በናታችሁ ምከሩኝ።

ቢኒ ከደምበላ፦

ሲዜድ ውሰጂ፣ አለቀ። ማካሮቭ 8 ጥይት ነው፣ ሲዜድ 15 ይይዛል። ምን ያከራክራል?

ሃምሳ አለቃ ጡረታ፦

ቢኒ፣ የጥይቱ ብዛት የሚያገለግለው ዒላማውን ካገኘ ነው። ልጅቷ 8 ተኩሳ 5ቱ ጠፍተውባታል፣ 15 ብትይዝ ብዙ ይጠፋባታል እንጂ ሌላ አይመጣም።

ልጄ፣ መጀመሪያ «ትንሿ ትሻላለች» ያለሽን ሰው ይቅር በይው፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ትንሽ ሽጉጥ ለመሸከም እንጂ ለመተኮስ አይቀልም። ክብደቱ ባነሰ ቁጥር እርግጫው ሁሉ ወደ እጅሽ ይመጣል። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ገደማ ነው። ሲዜድ 75 አንድ ኪሎ ይሆናል። የሲዜዱ ጥይት ከማካሮቩ ይበረታል፣ እጅ ላይ ግን የሚለሰልሰው እሱ ነው። ሌላም ምክንያት አለው። ማካሮቭ በርሜሉ አይንቀሳቀስም፣ ጥይቱ ሲወጣ ወደኋላ የሚመጣውን ብረት የሚይዘው የራሱ ክብደትና ሞላው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሞላውን ጠንካራ ያደረጉት፣ ለዚህም ነው ስታቀባብዪ የሚያስቸግርሽ። ሲዜድ ግን በርሜሉና የላይኛው ብረት ለቅጽበት ተቆላልፈው አብረው ወደኋላ ይሄዳሉ፣ ኃይሉ ተከፋፍሎ ነው የሚደርስሽ።

አሁን እጅሽን እንለካ። ካዝናውን አውጪ፣ አቀባብዪ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለውን የጥይት ማረፊያ በዓይንሽ እዪ፣ በትንሽ ጣትሽም ገብተሽ ዳብሺ። ጥይት የሚባል ነገር የምትለኪበት ቤት ውስጥ አይኑር። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወፍራም ግድግዳ አድርጊ። አሁን በአውራ ጣትሽና በጠቋሚሽ መካከል ያለውን ሥጋ እጀታው ላይ የቻልሽውን ያህል ወደ ላይ አስጠግተሽ ያዢ። ከላይ የሚያይሽ ሰው ቢኖር በርሜሉና ክንድሽ አንድ መስመር ሆነው መታየት አለባቸው። እንደዚህ ይዘሽ ጠቋሚ ጣትሽን ቃታው ላይ አሳርፊው። የጣትሽ የመጀመሪያ አንጓ ፊት ያለው ለስላሳው ሥጋ መሃሉ ቃታው ላይ ካረፈ፣ በጣትሽና በሽጉጡ ጎን መካከልም ቀጭን ክፍተት ካየሽ፣ ልክሽ ነው። ጫፉ ብቻ ከደረሰ ስትስቢ አፈሙዙን ወደ ግራ ትገፊዋለሽ። እንዲደርስልሽ ብለሽ ሽጉጡን መዳፍሽ ውስጥ ካዞርሽው ደግሞ እርግጫው አውራ ጣትሽ ሥር ላይ ያርፋል። ያ መቅላት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ይህን መዶሻው (ከኋላ ያለው መቺው ብረት) ወርዶም ተነስቶም ለኪ። መዶሻው ሲነሳ ቃታው ወደኋላ ስለሚመጣ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የሞጆ መንገድ፦

ይቅርታ ከርዕሱ ወጣሁ፣ ግን አንድ ሰው የቱርክ ሽጉጥ በቅናሽ አለ ብሎኛል። ለእጅ ቀላል ነው ይላሉ፣ እንዴት ነው?

ሃምሳ አለቃ ጡረታ፦

ወንድሜ፣ አትንካው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወንጀል ነው፣ እስር ቤት ያስገባሃል። ሕጉን ትተነው እንኳ፣ በየሰፈሩ ከሚዞሩት ብዙዎቹ ድምፅ ብቻ እንዲያወጡ ተሠርተው ኋላ በርሜላቸው የተበሳ ናቸው። ብረቱ የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲችል አልተሠራም። ሲፈነዳ የሚሄደው ወደ ያዘው ሰው ፊት ነው። የሁለት ልጆች አባት የሆነ ጣት የሌለው ሰው አውቃለሁ። እለምንሃለሁ፣ ተወው።

ሰናይ ከሐዋሳ፦

እህቴ፣ እኔም እጄ ካንቺ አይበልጥም፣ ሐዋሳ ውስጥ ለጥበቃ ሠራተኞች ተኩስ አስተምራለሁ። ሃምሳ አለቃ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፣ ስለ ማቀባበሉና ስለ ቃታው ልጨምር።

አንደኛ፣ ስትታገዪ ሴፍቲው (እንዳይተኩስ የሚቆልፈው) የት ነበር? ማካሮቭ ሴፍቲው ወደ ላይ ከሆነ ማቀባበያው ንቅንቅ አይልም፣ ተቆልፏል። ወደ ታች ሲወርድ ነው የሚለቀው። ብዙ አዲስ ሰልጣኝ በድንጋጤ ይህን ይረሳና በጉልበት ይታገላል፣ ከዚያ «አቅም የለኝም» ብሎ ይደመድማል።

ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሰው ሽጉጡን ፊቱ ዘርግቶ በግራ እጁ ሁለት ጣት ቆንጥጦ ይስባል። አንቺ እንደዚያ አታድርጊ። ወደ ደረትሽ አስጠጊው፣ አፈሙዙ ግን ሁልጊዜ ወደ ዒላማው ይሁን፣ ወደ ጎን እንዳይዞር። በግራ መዳፍሽ ማቀባበያውን ከላይ ሙሉ ጨብጠሽ ያዢ፣ ከዚያ በግራሽ እንደመሳብ ቀኝ እጅሽን ወደፊት ግፊ። የትከሻና የደረት ጉልበት ይገባበታል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ልቀቂው እንጂ ይዘሽ አትመልሺው፣ ይዘሽ ከመለስሽው ጥይቱ በደንብ ሳይገባ ይነክሳል። ማካሮቭ ላይ ደግሞ አስቀድመሽ መዶሻውን በአውራ ጣትሽ ካነሳሽው ማቀባበሉ በግልጽ ይቀላል፣ ምክንያቱም ያን ሥራ ብረቱ አይሠራውም።

ሦስተኛው ነው ትልቁ። ልምምድ ላይ ካቀባበላችሁ በኋላ ትእዛዝ እስኪመጣ ሴፍቲውን ወደ ላይ ታደርጋላችሁ አይደል? ማካሮቭ ያኔ መዶሻውን ራሱ ያወርደዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ቃታው መዶሻውን አንስቶ መልቀቅ አለበት፣ ድንጋይ ያልሽው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ መዶሻው እየተነሳ ስለሚቆይ ቃታው ቀላል ይሆናል። አንድ ሽጉጥ ላይ ሁለት ዓይነት ቃታ ማለት ነው። ልምድ ላለው ሰው ችግር የለውም፣ በወር አንዴ ለሚለማመድ ሰው ግን በጣም ያደናግራል።

የመጀመሪያው ሲዜድ 75 ላይ መዶሻው ተነስቶ እያለ ሴፍቲ ማድረግ ይቻላል። አቀባብለሽ ሴፍቲ ታደርጊያለሽ፣ ሴፍቲውን ታወርጃለሽ፣ ትተኩሻለሽ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃታው አንድ ዓይነት ነው። ግን በሴፍቲ ፋንታ መዶሻ ማውረጃ ያለው ሌላ ዓይነት ሲዜድም አለ፣ የእናንተን ግምጃ ቤት ጠይቂ። አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፣ ጥይት ውስጡ እያለ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዘሽ ለማውረድ እንዳትሞክሪ። ካዝናውን አውጪ፣ አቀባብለሽ ጥይቱን አስወጪ፣ እዩልኝ በይ፣ ከዚያ ነው መዶሻውን የምታወርጂው።

የሲዜድ ችግሩ የላይኛው ብረት ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚንሸራተት የሚጨበጥ ነገሩ ትንሽ መሆኑ ነው። ላብ ሲኖር ይንሸራተታል፣ አዳማ ደግሞ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ስትሞክሪ እጅሽ ላብ እያለው ሞክሪ።

ግራ ዓይን፦

ስለ ቶካሬቭ ማንም አላነሳም። እጀታው ቀጭን ነው፣ ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ ጥይቱም ፈጣን ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግን ድምፁና እሳቱ ያስደነግጣል፣ ድንጋጤ ላለባት ሰው አይሆንም። ደግሞ የሶቭየቱ ቶካሬቭ ሴፍቲ የሚባል ነገር የለውም፣ መዶሻው ግማሽ መንገድ ላይ ብቻ ይቆማል። ለገንዘብ አጃቢ፣ መኪና ውስጥ ገባ ወጣ ለምትል ሰው፣ እኔ አልመክርም።

ሌላው፣ ሁለቱም ዘጠኝ ይባላሉ ብለሽ የማካሮቭና የሲዜድ ጥይት እንዳታቀላቅዪ። የማካሮቩ 9 በ18 ነው፣ የሲዜዱ 9 በ19። የማካሮቩ አረር በትክክል ሲለካ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌላው 9.01። ስትቀይሪ ካዝናውንም ጥይቱንም አብረሽ አስረክቢ፣ ኪስሽ ውስጥ አንድም እንዳይቀር።

በመጨረሻ ዓይንሽን ፈትሺ። ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ በጣቶችሽ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሪ፣ ሁለቱም ዓይንሽ ክፍት እያለ ሩቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራት እንጨት፣ በቀዳዳው እዪ። አሁን ግራ ዓይንሽን ዝጊ። እንጨቱ ከጠፋ የሚያነጣጥርልሽ ግራው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ዓመት በማይረባ ዓይን ስተኩስ ኖሬያለሁ።

የናዝሬት ልጅ፦

ሃምሳ አለቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰናይዬ፣ ሴፍቲውን ልክ ነሽ፣ ሁለቴ ወደ ላይ ሆኖ ነው የታገልኩት፣ አሁን ሳስበው ሰውነቴ ይሞቃል። ዓይኔ ግን ቀኙ ነው፣ መስኮት ላይ ቆሜ ሦስቴ ሞከርኩት።

ለካሁት። ማካሮቩ መዶሻው ወርዶ እያለ የጣቴ ጫፍ ብቻ ነው የሚነካው። መዶሻው ሲነሳ ይደርሳል። ሲዜዱን ነገ ያሳዩኛል፣ ሴፍቲ ያለው ዓይነት ነው አሉኝ። ያ ድንጋጤ ግን እንዴት ነው የሚሄደው? ከመተኮሴ በፊት ዓይኔ ይጨፈናል፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሃምሳ አለቃ ጡረታ፦

ልጄ፣ ዓይን የሚጨፈነው መጀመሪያ በጆሮ ነው። የጆሮ መከላከያ አላችሁ? የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ አንዴ የሄደ የጆሮ መስማት አይመለስም። እኛ በዘመናችን ጥጥ ነበር የምንወትፈው፣ ዛሬ ባለቤቴ ስታናግረኝ ፊቷን ካላየሁ አልሰማትም። መከላከያ ከሌለ የለም አትበይ፣ ጠይቂ፣ ካልሰጡሽ ራስሽ ግዢ።

ከዚያ ባዶ ልምምድ። ጥይቱ በሌላ ክፍል ይሁን፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ እዪ። ወደ ግድግዳ ይዘሽ ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ፣ ጠፍጣፋው ብረት ላይ፣ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጪ። ዓይንሽን ፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ተክለሽ ቃታውን በዝግታ ሳቢ። ሳንቲሙ ከወደቀ ነጥቀሽዋል። በቀን 20 ጊዜ፣ ከዚያ አይበልጥ፣ ሲደክምሽ መጥፎ ልማድ ነው የምታጠኚው። እኔ ሰልጣኞቼን ሳንቲሙ አሥር ጊዜ ተከታትሎ ሳይወድቅ ጥይት አልሰጣቸውም ነበር።

ግራ እጅሽም ሥራ ይኑረው፣ ቀኙን ከፊት አቅፎ ይጭመቅ። የእጅሽን አንጓ ካላላሽው ሽጉጡ ራሱ በደንብ አይሠራም፣ ቀለሁ ሳይወጣ ይታነቃል።

ሰናይ ከሐዋሳ፦

እና በመጀመሪያው ቀን 8 አትሙዪ። ካዝናው ውስጥ ሁለት ሁለት እያደረግሽ ተኩሺ፣ አርፈሽ እንደገና። ከ10 ሜትር ትተሽ ከ5 ጀምሪ።

የናዝሬት ልጅ፦

ይኸው ተመለስኩ፣ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ሲዜዱን ያዝኩት። ሲያስረክቡኝ ቃታው ላይ ጣቴ ልክ ሃምሳ አለቃ እንዳሉት ነው ያረፈው፣ ቀጭኗ ክፍተትም ትታያለች። ማቀባበሉ መጀመሪያ ላይ ሾልኮብኝ ነበር፣ መዳፌን ሙሉ አድርጌ ወደ ደረቴ አስጠግቼ ስገፋው ግን በአንድ ጊዜ ሄደ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ዞር ብሎ አየኝ።

ሳንቲሙ በሦስተኛው ቀን አምስት ጊዜ ተከታትሎ ቆመ፣ በሳምንቱ አሥር። የጆሮ መከላከያ ስጠይቅ ለካ አለ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሙሉ ተቀምጧል፣ ማንም ጠይቆ ስለማያውቅ ነው። አሁን ሁላችንም እናደርጋለን።

ትናንት ከ5 ሜትር ሁለት ሁለት እያልኩ 10 ተኮስኩ፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ ናቸው። ከ10 ሜትር ደግሞ ከ8 ውስጥ 6 ገቡ፣ ሁለቱ አሁንም ወደ ግራ ታች ሄደዋል፣ ሲደክመኝ ነው መሰለኝ። አንድ ኪሎው ወገቤ ላይ ከብዶኛል፣ የድሮው ቀበቶ ስስ ስለሆነ ይዞት ይንሸራተታል፣ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ እየፈለግኩ ነው። አዳማ ውስጥ ጥሩ የሚሰፋ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

የአውራ ጣቴ ሥር ግን አልቀላም። ማታ እንጀራ ስቆርስ ትዝ ብሎኝ አየሁት፣ ምንም የለበትም።