ለጤና ጣቢያችን ሲቲ ስካን ይገዛ ወይስ አልትራሳውንድ?

አወያይ፦ ሰላም የቱሉ ዲምቱ ሰዎች። ነዋሪው አዋጥቶ ለጤና ጣቢያው የምርመራ መሣሪያ ይግዛ ተብሏል። ግማሹ "ሲቲ ስካን ካልሆነ ምን ዋጋ አለው" ይላል፣ ግማሹ ጥሩ አልትራሳውንድ ከነባለሙያው ይበቃል ባይ ነው። ተነጋገሩበት፣ ስድብ ግን የለም።

የኮንዶሚኒየሙ ልጅ፦ ሲቲ! አለቀ። አጎቴ ራጁ ላይ ጥላ ታየና ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ሲውጥ ከረመ። አክታው ላይ ምንም አልተገኘም እኮ! መጨረሻ ላይ ከተማ ገብቶ ሲቲ ሲነሳ ዕጢ ሆነ። ራጅ ከልብ ጀርባና ከጎድን አጥንት ስር ያለች ትንሽ ነገር ታመልጠዋለች። ሲቲ ሳንባውን እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ቆርጦ ያሳያል።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ለአጎትህ አዝናለሁ። ግን ካንሰር መሆኑን የወሰነው ከዕጢው ተወስዶ የተመረመረው ናሙና ነው፣ ሲቲው ያስጠረጥራል እንጂ። ሳንባ ላይ ቲቢና ካንሰር በምስል ሲመሳሰሉ ስንት ሐኪም ያሳስታሉ። እኛ ጋ በብዛት የሚመጣው ደግሞ "ቀኝ ጎኔን ያመኛል" ባዩ ነው። አልትራሳውንድ መግል ይሁን፣ ውሃ የቋጠረ ይሁን፣ ጠጣር እብጠት ይሁን ብዙውን ጊዜ እዚያው ይለያል። ጨረር የለውም። ሄፓታይተስ ቢ ጉበቱን ያጠቃው፣ ሲሮሲስ (የጉበት መጠባሰስ) የያዘው ሰው በየ6 ወሩ መታየት ያለበትም በእሱ ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ልጅ፦ ሳንባው ውስጥ ደም የረጋበት ሰውስ? እሱን በአልትራሳውንድ ልታዪው ነው? በቃሊቲ መንገድ መጨናነቅ እስኪደርስ ይሞታል።

ራጅ ክፍል የምሠራው፦ እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነው፣ ያንን በደንብ የሚያሳየው ሲቲ ነው። ግን ማሽኑ ብቻውን አይሠራም። ለጉበት ዕጢ ለምሳሌ፣ ምስሉን የሚያጎላ ማቅለሚያ በደም ስር ይወጋና በሰከንዶች ልዩነት ደጋግሞ ይነሳል። የጉበት ካንሰር መጀመሪያ ቦግ ይላል፣ ቆይቶ ከቀረው ጉበት ይልቅ ይደበዝዛል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ላይ ይህ በግልጽ ከታየ ናሙና ሳይወሰድም ካንሰር ነው ይባላል። ሄማንጂኦማ የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው እብጠት ደግሞ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይሞላል። ሰዓቱ ከተሳተ ሁለቱም ይምታታሉ። ከመወጋቱ በፊት የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል፣ ማንበቡ የራዲዮሎጂስት ሥራ ነው፣ የማሽኑ መብራት ደግሞ ሶስት ፌዝ፣ ማለትም ከተራ የቤት መብራት የሚበረታ መስመር ነው። የእኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ 😂

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ የራዲዮሎጂስቱን ደመወዝ ማን ሊከፍል ነው? ማሽን ገዝቶ በላስቲክ ሸፍኖ ማስቀመጥማ አይተናል።

የኮንዶሚኒየሙ ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ አልትራሳውንዱ ይገዛ። ግን አምቡላንስ ይመደብ፣ ሪፈር የተጻፈለት ሰውም በዚያው ቀን ሲቲ የሚነሳበት ቦታ ውል ይታሰር። ያለዚያ አምስት ሳንቲም አላዋጣም።

ነርሷ፦ ውሉን የሚጽፍ ኮሚቴ ውስጥ አንተን እናስገባሃለን፣ እምቢ እንዳትል።