የከተማው ገንዘብ በማን ድምፅ ይውጣ?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። የከተማ ምክር ቤት ከካፒታል በጀቱ፣ ማለትም ለግንባታና ለቋሚ ንብረት ከሚያዘው ገንዘብ፣ ላይ የተወሰነ ቆንጠር አድርጎ፣ «በዚህኛው እናንተው ወስኑበት» ብሎ ለነዋሪው ቀጥታ ድምፅ መስጠት አለበት ወይስ የለበትም? የተለመደውን አካሄድ ታውቁታላችሁ። ረቂቁን ከንቲባውና ፋይናንስ ያዘጋጁታል፣ የበጀት ቋሚ ኮሚቴው ያየዋል፣ አንድ ቀን የሕዝብ ውይይት ይጠራል፣ ጉባኤው ያጸድቃል። ነዋሪው አዳራሽ የሚገባው ነገሩ ተቋጭቶ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ይሰጠው ባይ ነኝ፤ አቋሜን አስቀድሜ መናገሬ አያስቀይማችሁ። ዓመት ስትጠቅሱ ሁላችሁም በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጉት፣ እንዳንደናገር።

የሰፈር ኮሚቴ ጸሐፊ፦
ይሰጠው። ያልተሞከረ ነገርም አይደለም። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ የምትባለው ከተማ በ1989፣ የሠራተኞች ፓርቲው ኦሊቪዮ ዱትራ ከንቲባ ሲሆን ጀመረችው። ነዋሪው በየአካባቢው ተሰብስቦ መቅደም ያለበትን ይመርጣል፣ ተወካይ ይልካል፣ ተወካዮቹ ከከተማው ባለሙያዎች ጋር ቁጭ ብለው ዝርዝሩን ያወጣሉ። የውኃና የፍሳሽ መስመር የገባላቸው ቤቶች በ1988 75 በመቶ ነበሩ፤ በ1997 98 በመቶ ደረሱ። ሕዝቡ ሲጠየቅ ያስቀደመው ቱቦና የመንገድ ንጣፍ ነው። «ሕዝብ የሚጠቅመውን አያውቅም» ለሚሉ መልሱ ይኸው።

የቀድሞ የምክር ቤት አባል፦
ልጄ፣ ቁጥሩን አልክድም። ምስጋናውን ሁሉ ግን ለስብሰባው አትስጠው። የብራዚል ሕገ መንግሥት በ1988 ሲወጣ ለከተሞች የሚደርሰው ገቢ ከፍ አለ፤ ከተማዋ ራሷም የንብረት ግብሯን አስተካክላ ነበር። የሚከፋፈል ነገር ስለነበረ ነው ክፍፍሉ ያማረው። ያችው ከተማ በ2017 ገንዘብ የለም ተብሎ ሂደቱን አቋርጣለች፤ ይህንንም አብረህ ንገረን።

እኔ ሁለት ዘመን ምክር ቤት ተቀምጫለሁ። ከጠቅላላው በጀት ላይ ደመወዝ ሲነሳ፣ የዕዳ ክፍያ ሲነሳ፣ የተጀመሩ ሥራዎች ክፍያ ሲነሳ፣ አባሉ በእውነት «ይሄ ይሁን፣ ያ ይቅር» ሊልበት የሚችለው ገንዘብ ትንሽ ነው። እሱንም ለድምፅ መስጫ ካወጣችሁት ምክር ቤቱ ምን ሊሠራ ይሰበሰባል? እኔ ስሳሳት በምርጫ ታወርዱኛላችሁ። ባዶ ለሚቀር አዳራሽ ድምፅ የሰጠውን ሺህ ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል?

የሰፈር ኮሚቴ ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ራስዎ ያንን በጀት ስንት ቀን አይተው ነው ያጸደቁት?

የቀድሞ የምክር ቤት አባል፦
እውነቱን ልንገርህ። አንድ ዓመት ሰነዱ ሐሙስ ማታ ደረሰን። ክንድ የሚያህል ጥራዝ ነው። ሰኞ ጠዋት እጅ አወጣን። ቅዳሜና እሁድ ሳነብ ቆይቼ «ልዩ ልዩ ወጪዎች» የሚል አንድ መደብ ከሁለት መሥሪያ ቤቶች የካፒታል በጀት ድምር በልጦ አገኘሁት። ጠየቅሁ። «በአፈጻጸም ወቅት ይዘረዘራል» ተባልኩ። ጸደቀ። እኔም ተቃውሜ አልጻፍኩም፣ ድምፀ ተአቅቦ ብቻ አደረግሁ። ዛሬም ይቆጨኛል። ግን ይህ የሚያሳየው ምክር ቤቱ ጊዜና ባለሙያ እንደሚያስፈልገው ነው እንጂ ሥልጣኑ ይወሰድበት የሚለውን አይደለም።

መሐንዲስ፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ሰው ለሚያየው ነገር ነው ድምፅ የሚሰጠው። በሥራዬ ከመሬት በታች ያሉ የጎርፍ ማፋሰሻ መስመሮችን እመረምራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ማንሆል ከፍተን ወረድን። ላዩ ላይ አስፋልቱ ልሙጥ ነው፣ አዲስ የመንገድ ቀለም ተቀብቷል። ታች የቱቦው መገጣጠሚያ ተላቆ አፈሩ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ ከአስፋልቱ ሥር ሰው ቆሞ የሚገባበት ባዶ ቦታ ተፈጥሯል። በላዩ አውቶብስ ያልፋል። ይህን መስመር ከመጫወቻ ሜዳ ጋር አብራችሁ ለድምፅ ብታቀርቡት ሜዳው ያሸንፋል፤ በሕዝቡም አልፈርድም፣ ማንም አሳይቶት አያውቅማ።

ጋሼን ግን አንድ ነገር ልበላቸው። አባሎቹ ብቻቸውን ሲወስኑም ያው ነው። ቺካጎ ውስጥ 50 የምርጫ ወረዳዎች አሉ፤ የየወረዳው የምክር ቤት አባል ለመንገድና ለመብራት የሚያውለው ዓመታዊ ገንዘብ ለሁሉም እኩል ይሰጠው ነበር። የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር በ2017 ባወጣው ኦዲት አሠራሩ የሰፈሮችን ትክክለኛ ፍላጎት ያላገናዘበ ነው ብሎ ተቸው። መንገዱ የፈራረሰበትም፣ ደህና የሆነለትም አንድ ዓይነት ድርሻ። በቱቦው ዕድሜ የሚያከፋፍል ሰው ከየት ይምጣ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ማን ይመጣል የሚለውን ማንም አላነሳም። የሕዝብ ውይይት ተብሎ አንድ ጊዜ ተጠርቼ ሄድኩ። በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ ደረጃውን ብቻ የሚወጡበት ሁለተኛ ፎቅ። ትንሹን አዝዬ ደረስኩ። ከእኔ በቀር ልጅ የያዘ ሰው አልነበረም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው ጎረቤታችን ታች በር ላይ ቀረ። አዳራሽ የሞላው ጊዜ ያለው ሰው ነው፣ ባለሱቁና ባለሕንፃው። ስለ መኪና ማቆሚያ ሁለት ሰዓት ተወራ። እኔ እጄን አውጥቼ ስለ ሰፈራችን የመንገድ መብራት ልናገር ስል ሰዓት አልቋል ተባለ። እና ቀጥታ ድምፅ ስትሉ፣ ያንኑ አዳራሽ በሌላ ስም ከሆነ ለእኔ ምንም አይጨምርልኝም።

አወያይ፦
እህቴ፣ ይህ ከባድ ነጥብ ነው፤ ፖርቶ አሌግሬም መልስ ሞክራለታለች። ገንዘቡ የሚከፋፈለው አዳራሽ በሞላው ሰው ብዛት አልነበረም። ለየአካባቢው ነጥብ ይሰጣል፦ ምን ያህል ሕዝብ አለው፣ አገልግሎቱ ምን ያህል ይጎድለዋል፣ ነዋሪው ራሱ ምኑን አስቀደመ። ጉድለቱ የባሰ ነጥቡ ይበልጣል። ስለዚህ ድሃው ሰፈር ጥቂት ሰው ቢልክ እንኳ ድርሻው አይጠፋም። ኒው ዮርክ በ2011 በአራት የምክር ቤት አባላት ወረዳ ጀመረች፤ የመራጩንም ዕድሜ እየቆየች ዝቅ አደረገችው፤ በኋላ ከ11 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ ድምፅ ይሰጣል ተባለ። ሁሉም ነገር ተፈታ አልልም። ነገር ግን ደንቡን እንደሚያስቡለት ሰው መሥራት ይቻላል።

ተማሪ፦
የድምፅ አቆጣጠሩንም እንዳትረሱት፤ እኔ የማጠናው እሱን ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘው ፕሮጀክት ቀድሞ ይገባል ከተባለ ትልቁ ሰፈር ትንሹን ይውጠዋል። ምሳሌ ልስጥ። መራጩ 1000 ሰው ነው፣ ገንዘቡ 100 ሺህ ነው እንበል። 600ው በአንድ ሰፈር ይኖራል። የዚያ ሰፈር ፕሮጀክቶች እያንዳንዳቸው 600 ድምፅ ስላላቸው ተራ በተራ እየገቡ ገንዘቡን ይጨርሱታል። 400ው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። «የእኩል ድርሻ» የሚባለው ዘዴ ደግሞ ለእያንዳንዱ መራጭ 100 ያስይዘዋል። አንድ ፕሮጀክት የሚገባው ደጋፊዎቹ ከየድርሻቸው አዋጥተው ወጪውን ሲችሉት ነው። እነዚያ 600ዎቹ 60 ሺህ ሲያወጡ ኪሳቸው ያልቃል፤ ቀሪው 40 ሺህ የሌሎቹ ነው። በ2023 የፖላንዷ ቪየሊችካና የስዊዘርላንዷ አራው በተግባር አውለውታል። በፖላንድ እንዲያውም ትልልቆቹ ከተሞች ከወጪያቸው ቢያንስ 0.5 በመቶውን ለአሳታፊ በጀት፣ ማለትም ነዋሪው ራሱ ድምፅ ለሚሰጥበት በጀት፣ እንዲያውሉ በ2018 የወጣ ሕግ ያስገድዳቸዋል።

የቀድሞ የምክር ቤት አባል፦
0.5 በመቶ! ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምንነታረከው?

ተማሪ፦
ፓሪስ በ2014 ስትጀምር ከኢንቨስትመንት በጀቷ 5 በመቶ ነው የመደበችው። ሕንድ ውስጥ የኬረላ ግዛት በ1996 ከዕቅድ በጀቱ ከ35 እስከ 40 በመቶውን ለአካባቢ ምክር ቤቶች አውርዶ ከነዋሪው ጉባኤ ጋር እንዲያቅዱበት አድርጓል። መጠኑ የፖለቲካ ውሳኔ ነው ጋሼ፣ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ኦዲተር፦
እስካሁን ዝም ብዬ ስከታተል ነበር። ሁላችሁም የምትከራከሩት በጀቱ ስለሚጸድቅበት ቀን ነው። ከሥራዬ ያየሁት ግን የገንዘቡ ዕጣ የሚወሰነው ከዚያ ቀን በኋላ መሆኑን ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ከተማ ሂሳብ ላይ ሠርቻለሁ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች በነዋሪው ጥያቄ በበጀት ተይዘዋል፣ ጉባኤው አጽድቋል፣ ፎቶ ተነስተውበታል። በዘጠነኛው ወር «ጨረታው ስለዘገየ ገንዘቡ ጥቅም ላይ አልዋለም» የሚል የአንድ ገጽ ማስታወሻ ተጻፈ። ገንዘቡ ለነዳጅና ለተሽከርካሪ ጥገና ተዛወረ። የበጀት ዝውውር ይባላል፤ ፊርማው ሁለት ነው፣ የፋይናንስ ኃላፊውና የሥራ አስኪያጁ። ምክር ቤቱ የሰማው በዓመቱ መጨረሻ፣ ከሌሎች ሠላሳ ዝውውሮች ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ነው። የአፈጻጸም ሪፖርቱ ላይ መጸዳጃ ቤቱ ሦስት ዓመት ተከታትሎ «በሂደት ላይ» ተብሎ ተጽፏል። ቦታው ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ። አራት ችካልና ገመድ። ገመዱ በስብሷል።

እንግዲህ ያንን ፕሮጀክት ማን መረጠው? ነዋሪው ነው ብትሉም፣ ምክር ቤቱ ነው ብትሉም ውጤቱ አንድ ነው። ጨረታ ለምን እንደሚዘገይ ደግሞ ልንገራችሁ፦ ዲዛይንና የዋጋ ግምት ሳይሠራ በጀት ስለሚያዝ ነው። በጀቱ ሲለቀቅ ጥናት ይጀመራል፣ ጥናቱ ሲያልቅ ዓመቱ ያልቃል።

ፖርቶ አሌግሬን ያነሳችሁት ሁላችሁ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ከተማዋ በየዓመቱ የኢንቨስትመንት ዕቅዱን መጽሐፍ አድርጋ ታትም ነበር፤ እያንዳንዱ ሥራ በየአካባቢው ተዘርዝሮ ነዋሪው እጅ ይገባል። የተመረጡት ተወካዮችም ሥራው እስኪያልቅ ይከታተላሉ። ለእኔ ሥራውን የሠራችው ያቺ መጽሐፍ ናት። የመንገዱ ስም ተጽፎ በእጅህ ሲገኝ በዘጠነኛው ወር በሁለት ፊርማ ማጥፋት ያስፈራል።

መሐንዲስ፦
የእኔንም ቱቦ እዚያ መጽሐፍ ላይ ያስገቡልኛል?

ኦዲተር፦
ወንድሜ፣ የአንተ ቱቦ ለድምፅ መቅረብ የለበትም። ያለውን ንብረት መጠገን ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ መጀመሪያ ተለክቶ ይቀመጥ፣ ድምፅ የሚሰጠው በተረፈው ላይ ይሁን። ለድምፅ የሚቀርበው እያንዳንዱ ፕሮጀክትም ከግንባታ ዋጋው ጎን የዓመት ማስኬጃው ይጻፍበት። ጥበቃው፣ ውኃው፣ መብራቱ፣ ጽዳቱ። ኒው ዮርክ ለድምፅ የሚቀርበው ሥራ ቢያንስ አምስት ዓመት የሚያገለግል ይሁን ትላለች፤ የካፒታል ገንዘብ ስለሆነ። ግን አምስቱን ዓመት በሩን የሚከፍተው ሰው ደመወዝ ከመደበኛ በጀት ነው የሚመጣው፤ መራጩ ሊያውቀው ይገባል።

የቀድሞ የምክር ቤት አባል፦
ኦዲተሯ እህቴ ያለችው ከሆነ እኔም ልቤ ይሸነፋል። ጥገናው ተነስቶ፣ ዲዛይን ያለቀለት ሥራ ብቻ ቀርቦ፣ ዝውውሩ ያለ ጉባኤው ድምፅ ክልክል ሆኖ፣ እሺ። 5 በመቶውን ግን አልቀበልም፤ በሁለት እንጀምር። አንድ ዙር ተሠርቶ በዓይን ሳይታይ መጠኑን መጨመር ሰውን ተስፋ ማስቆረጥ ነው።

የሰፈር ኮሚቴ ጸሐፊ፦
በሁለት ከጀመርን በሁለት እንቀራለን ጋሼ። ትንሽ ገንዘብ ትንሽ ሰው ነው የሚያመጣው፤ ከዚያ «ሰው አልመጣም» ተብሎ ይዘጋል። መጠኑ ለሦስት ዓመት በደንቡ ላይ ይጻፍ፦ ሁለት፣ ሦስት ተኩል፣ አምስት። የዝውውር ክልከላው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። በዚህ አልደራደርም።

የቀድሞ የምክር ቤት አባል፦
ሁለተኛው ዓመት የሚከፈተው የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ሲያልቅ ነው ተብሎ ይጻፍበትና እፈርማለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
የእኔ የመንገድ መብራት የትኛው ውስጥ ነው? ምሰሶው ቆሟል፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ሁለት ክረምት ሆኖታል።

ኦዲተር፦
ጥገና ነው። ድምፅ አያስፈልገውም። የምሰሶውን ቁጥር ጻፊና ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገቢ፣ ቅጂው ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስመቺ። የጥገናው መደብ ላይ ገንዘብ ካለ ለምን አልተሠራም ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ከሌለም ወዴት እንደተዛወረ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ምሰሶው ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ 114። ነገ አስገባለሁ።