የሕፃኗ ክፍል ራዲያተር ቀዝቅዟል፤ ቦይለሩን ልቀይር?

ጥያቄ፦ የሊድሷ እናት
ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የቤታችን ማሞቂያ ቦይለር የሚያሞቀው ውኃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር (ክፍሉን ወደሚያሞቀው ብረት) የሚሄድበት ነው። የሳሎኑ ራዲያተር እጅ አያስነካም፤ ፎቅ ላይ ያለው የሕፃኗ ክፍል ራዲያተር ግን ድንጋይ ሆኗል። በውስጡ የታመቀ አየር ካለ ብዬ በትንሿ ቁልፍ አስወጥቻለሁ፤ ከውኃ በቀር የወጣ ነገር የለም። ዛሬ የመጣው ባለሙያ «ቦይለሩ አቅም አንሶታልና በትልቅ ይቀየር» ብሎኝ ሄዷል፤ ነገ ጠዋት ቀብድ ይጠብቃል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ።

ጋቢ ለባሽ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ አየሩን አስወጪ። የእኔ የዳነው በዚያው ነው። እስከዚያው ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልያት፤ ጋቢ ቀብድ አይጠይቅም።

የቧንቧ ሰው፦
አየሩን ማስወጣቷን ጽፋለች እኮ። እኔ የማልቀበለው የባለሙያውን ቃል ነው። ቦይለሩ አቅም ቢያንሰው ኖሮ ራዲያተሮቹ በሙሉ ለብ ብለው ይቀሩ ነበር እንጂ የሳሎኑ እንዲህ አይፋጅም። ሙቀቱ አለ፤ የተበላሸው ክፍፍሉ ነው። ለፓምፑ የሚቀርቡት ራዲያተሮች ከድርሻቸው በላይ ውኃ ሲወስዱ ለሩቁ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ለመሆኑ ስንት ራዲያተር አለሽ? የሕፃኗ ክፍል ራዲያተር ቫልቭ (የውኃው መክፈቻና መዝጊያ) ቁጥር አለው? በሙቀቱ ወራት ዘግተሽው ነበር?

የሊድሷ እናት፦
ሰባት ናቸው። ቁጥር አለው፤ 5 ላይ ነው። አዎ፣ ከግንቦት ጀምሮ ዘግቼው ነበር፤ ይህ ምን ያገናኘዋል?

የቧንቧ ሰው፦
በጣም ያገናኘዋል። ቁጥር ያለበትን ራስ 5 ላይ እንዳለ አቃፊ ቀለበቱን አላልተሽ አውጪው። ከሥሩ ትንሽ የብረት ፒን ታያለሽ፤ በጠፍጣፋ ነገር ስትጫኚው ገብቶ፣ ስትለቂው በራሱ መመለስ አለበት። ቫልቩ ሲዘጋ ፒኑ ይጫናል፤ ለወራት ተጭኖ ከቆየ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የቫልቩን ጎን በመፍቻ ቀስ እያልሽ መታ መታ አድርጊ፤ በጉጠት ግን አትጎትቺው፣ ከተነቀለ ውኃው ይፈስሳል።

ዘጠነኛ ፎቅ፦
እኔ የሳሎኑን ቁጥር ወደ 2 ዝቅ አድርጌ ተገላግያለሁ። ይህ ሁሉ ትምህርት ለምን አስፈለገ?

የማንቸስተሩ፦
ያ ውኃውን ለራዲያተሮቹ ማመጣጠን አይደለም። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ባለቁጥሩ ቫልቭ በራሱ ተመልሶ ስለሚከፈት ውኃውን እንደገና ይሻማል። ከዚያም በላይ የቤቱ ተርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ ቦይለሩን የሚያበራና የሚያጠፋው) ሳሎን ውስጥ ከሆነ፣ ሳሎኑ የተፈለገው ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ቦይለሩ ሳያቋርጥ ይነድዳል።
ፒኑ ከለቀቀ በኋላ እንዲህ አድርጊ። ራዲያተሮቹ ከቀዘቀዙ በኋላ ሁሉንም ቫልቭ ከፍተሽ ቦይለሩን አብሪና የትኛው ቀድሞ እንደሚሞቅ በተራ ጻፊ። በራዲያተሩ በሌላኛው ጫፍ፣ በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነ ቫልቭ አለ። ቀድሞ በሞቀው ራዲያተር ላይ ይህን ቫልቭ በመፍቻ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ዝጊው፤ ስትዘጊ ዙሩን ቁጠሪ፣ መመለስ ብትፈልጊ ያስፈልግሻል። ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ክፈቺው። ተከታዮቹን ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ክፈቻቸው፤ የመጨረሻው ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁን። በየለውጡ መካከል ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቂ። በእያንዳንዱ ራዲያተር መግቢያና መውጫ ቧንቧዎች መካከል በድሮ ቦይለር 11 ወይም 12 ዲግሪ፣ በኮንደንሲንግ ቦይለር (ከጭሱ እንፋሎት ሙቀት መልሶ በሚወስደው) ደግሞ እስከ 20 ዲግሪ ልዩነት ፈልጊ፤ ኮንደንሲንግ ቦይለር ጥቅሙን የሚሰጠው ተመላሹ ውኃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው።

ጋቢ ለባሽ፦
አየሩን ግን በድጋሚ ብታስወጪው አይጎዳም።

የሊድሷ እናት፦
ፒኑ ገብቶ ቀርቶ ነበር። ስድስት ሰባት ጊዜ መታ መታ ሳደርገው ብቅ አለ፤ አሁን የመግቢያው ቧንቧ ለብ ማለት ጀምሯል። ሕፃኗ ነቃች፤ እመለሳለሁ።

የቧንቧ ሰው፦
ስትመለሺ የመውጫውንም ቧንቧ ነክተሽ ንገሪን።

ዘጠነኛ ፎቅ (ከሁለት ቀን በኋላ)፦
እህታችን፣ ቀብዱን ከፈልሽ ወይስ አልከፈልሽም?