የ12 ዓመት ልጄ ጥይት ከላይ ወደ ታች ይበተናል፤ ጥፋቱ የእሷ ነው ወይስ የጠመንጃው?

የካዛንቺሱ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና የ12 ዓመት ልጄ እዚሁ መሀል ከተማ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የሚሰጥ የዒላማ ተኩስ ስልጠና ገብተናል። ስልጠናው 4 ሳምንት ሲሆን 2ቱን ጨርሰናል። መሣሪያው በርሜሉ ታጥፎ የሚጎርስ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር የስፕሪንግ አየር ጠመንጃ ነው። ክብደቱ 4 ኪሎ ይጠጋል። ርቀቱ 10 ሜትር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ጠረጴዛ ላይ ባለ የአሸዋ ከረጢት ተደግፈን እንተኩሳለን። ጠመንጃው ለሁለታችን አንድ ስለሆነ እንፈራረቃለን።

የእኔ 5 ጥይት 25 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይገባል። የእሷ ወደ ጎን ብዙ አይወጣም፤ ከላይ ወደ ታች ግን እስከ 60 ሚሊ ሜትር ይዘረጋል። አንዳንዴ ደግሞ ሦስቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ሆነው ሁለት ቦታ ይከማቻሉ። ግራ ዓይኗን በኃይል ስለምትጨፍን ከ10 ጥይት በኋላ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ማነጣጠሪያውን ለእሷ ባስተካከልኩ ቁጥር የእኔ ይበላሻል፣ ለእኔ ሳስተካክል የእሷ። አሰልጣኙ 14 ሰው ስለሚያሠለጥን ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

አላሚ ዘፒያሳ

ወንድሜ፣ ልጅቷን ከማረምህ በፊት ጠመንጃው ምን ላይ እንዳረፈ ተመልከት። የስፕሪንግ ጠመንጃ ሲተኮስ ሁለት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ስፕሪንጉ ፒስተኑን ወደ ፊት ሲወረውረው ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመታል፤ ፒስተኑ የታመቀው አየር ላይ ሲደርስና ሲቆም ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይጎተታል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ጥይቱ ገና በርሜል ውስጥ ሳለ ነው። ያረፈበት ነገር ደረቅ ከሆነ ጠመንጃው ይነጥራል። ያረፈበት ቦታ በየተኩሱ በ2 ሴንቲ ሜትር ከተለዋወጠ ነጠራውም ይለዋወጣል። አንተ የጻፍከውም ይህንኑ ይመስላል፦ ወደ ጎን ደህና፣ ከላይ ወደ ታች ዝርግ።

የእኔ ግምት አንተ መዳፍህን ከሥር አድርገህ ትተኩሳለህ፤ እሷ ግን ስለሚከብዳት የጠመንጃውን እንጨት በቀጥታ ከረጢቱ ላይ ታስተኛዋለች። ግራ መዳፏ ተከፍቶ ከረጢቱ ላይ ይቀመጥ፣ ጠመንጃው መዳፏ ላይ ይረፍ። ጣቶቿ አይጨብጡት። ጠመንጃው እጇ ላይ ይረፍ እንጂ እጇ ጠመንጃውን አይያዘው። ጠመንጃውን በአንድ ጣትህ ላይ አስቀምጠህ ሚዛኑ የሚጠበቅበትን ቦታ ፈልግና በቀለም ፕላስተር ምልክት አድርግበት። በየተኩሱ ምልክቱ መሀል መዳፏ ላይ ይዋል። ከረጢቱ አሸዋ ጢም ብሎ ከሞላ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ሩብ ያህሉን አራግፉትና እጇ ትንሽ ይስመጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የስፕሪንግ ጠመንጃ የሚያምቀው ያንኑ የአካባቢውን አየር ነው። ስለዚህ እዚህ ኃይሉ ትንሽ ይቀንሳል፣ ፒስተኑም ትራስ የሚሆነው አየር ስለሚያንስ ጠንከር ብሎ ያርፋል። በ10 ሜትር ርቀት ለዒላማ ምንም አይጎድልባችሁም፤ ግን ይህ ምት የማነጣጠሪያውን ብሎኖች ያላላል። በየጠዋቱ መጀመሪያ ብሎኖቹን አጥብቁ። ብሎን የላላበት ጠመንጃ ሰው ያልሠራውን ስህተት ይሠራል።

እመ ልደታ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ዓይኗ ልሂድ። በመጀመሪያ የትኛው ዓይኗ እንደሚመራ ይፈትሹ። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ በአውራ ጣቶቿና በሌባ ጣቶቿ መካከል የብር ሳንቲም የምታክል ቀዳዳ ትሥራ። ሁለቱንም ዓይኖቿን ከፍታ ግድግዳው ላይ ያለን ነገር በቀዳዳው ውስጥ ታስገባ። ከዚያ አንዱን ዓይን ይሸፍኑላት። ነገሩ ከቀዳዳው ሳይጠፋ የቀረለት ዓይን መሪው ነው። ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ ልጆች አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ሊያዩ ይችላሉ።

መሪው ቀኝ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዓይን መጨፈን ይቅር። ዓይን በኃይል ሲጨፈን የፊት ጡንቻ ሁሉ ይጨማደዳል፣ ክፍት የሆነውም ዓይን ይደክማል። ከነጭ ፕላስቲክ፣ የእርጎ ክዳንም ይሆናል፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወርድና 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ፤ ከኋላ ማነጣጠሪያው ጋር ወደ ግራ ዓይኗ እንዲዘረጋ በፕላስተር ያያይዙት። ጥቁር እንዳያደርጉት። አንዱ ዓይን ጨለማ ሲያይ የሁለቱም ዓይኖች ብሌን ይሰፋል፣ ዒላማውም ይደበዝዝባታል። ነጩ ግን ብርሃን ያሳልፋል፣ ምስል አያሳልፍም።

መሪው ግራ ከሆነ ደግሞ ገና በሁለተኛ ሳምንቷ ስለሆነች ወደ ግራ ትከሻ ማዞሩ ይሻላል እላለሁ። ከዓመት በኋላ ይህን መቀየር ከባድ ነው። ጥቂት ቀን ይከብዳታል፣ ከዚያ ይቀላታል።

ሁለት ቦታ መከማቸቱን በተመለከተ፣ ይህ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የጉንጭ ነገር ነው። ጉንጯ ሰደፉ ላይ ያረፈበት ቦታ ሲለወጥ ዓይኗ በኋላ ማነጣጠሪያው ቀዳዳ ውስጥ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች፤ ጥይቱም ይከተላል። የሰደፉን ርዝመት ይለኩ፦ ክርኗን አጥፋ የሰደፉን ጫፍ ክርኗ መታጠፊያ ላይ ስታስጠጋ የሌባ ጣቷ የመጀመሪያ አንጓ ምላጩ ላይ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሰደፉ ይረዝማታል ማለት ነው። አንገቷን ወደ ፊት እየሰገገች ነው የምታነጣጥረው፤ አንገት ደግሞ ሲደክም ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሰደፉ ጫፍ የሚነሱ ጭማሪ ሰሌዳዎች ካሉ አሰልጣኙ ያውጣላት። ለእርስዎ ሲደርስ መልሶ ማስገባት የ2 ደቂቃ ሥራ ነው።

የካዛንቺሱ አባት

በጣም አመሰግናለሁ። እንጨቱን በቀጥታ ከረጢቱ ላይ ነው የምታስተኛው፣ ተገኝቷል። አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ፦ በርሜሉን ማጠፍ ስለሚከብዳት በየተኩሱ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ቤት ውስጥስ ምን እንለማመድ? አንዱን ጠመንጃ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ይቻል ይሆን?

አላሚ ዘፒያሳ

እንግዲያው ሁለት ቦታ የሚከማችበት ምክንያት ተገኘ። አንተ ልታጎርስ ጠመንጃውን በወሰድክ ቁጥር እሷ አቀማመጧን አፍርሳ ከባዶ ትጀምራለች። እሱ ሊቀር አይችልም፤ ስለዚህ ከባዶ የምትጀምርበት ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት ይሁን። መዳፍ ምልክቱ ላይ፣ ሰደፍ ትከሻ ላይ፣ ጉንጭ ሰደፍ ላይ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍና ሁለት ጊዜ መተንፈስ። ዓይኗን ስትከፍት ጠመንጃው ከዒላማው ጥቁር ክብ ውጭ እያየ ከሆነ በክንዷ አትግፋው፤ ወንበሯን ወይም ከረጢቱን ታንቀሳቅስ። በክንድ የተገፋ ጠመንጃ ምላጭ ሲሳብ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ትንፋሹን አውጥታ ሳንባዋ በራሱ በሚያርፍበት ጊዜ ትተኩስ። ከ5 እስከ 8 ሰከንድ አላት። 10 ካለፈ ጣቷን ከምላጩ አውጥታ እንደገና ትተንፍስ፤ አየር ያጠረው ዓይን ያላየውን ያየ ይመስለዋል። ምላጩ ሁለት ደረጃ ካለው የመጀመሪያውን ልል ጉዞ አስቀድማ ትጨርስ። ከተኮሰችም በኋላ ለ2 ሰከንድ ሳትነቃነቅ ማየቷን ትቀጥል። የስፕሪንግ ጠመንጃ ላይ ይህ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ጥይቱ በርሜሉን ሳይለቅ ጠመንጃው መንቀሳቀስ ይጀምራል።

አጎራረስህን አደራ። አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ አይውጣ፣ ጣትህ ምላጭ አይንካ። በርሜሉ ከታጠፈ ጀምሮ ጥይቱ ገብቶ እስኪዘጋ ድረስ አንድ እጅህ በርሜሉን አይልቀቅ። ምላጩ ካመለጠ በርሜሉ በስፕሪንጉ ኃይል ተመልሶ ይዘጋል፤ መሀል የተገኘ ጣት ይሰበራል። ስለዚህ ጥይቱንም አንተው አስገባ፣ የእሷ ጣት እዚያ አይድረስ። ጥይቱን በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገህ ጀርባው ከበርሜሉ አፍ ጋር እኩል ይሁን። ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ጥይት አታጎርስ፤ ቀሚሱ (የጥይቱ ስስ የኋላ ጠርዝ) ትንሽ ከተጣመመ ብቻውን ሌላ ቦታ ሄዶ ያርፋል፣ ልጅቷም ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። ሁለታችሁም መነጽር አድርጉ፤ ጥይቱ የተሠራበት የእርሳስ ማዕድን ከብረት ይነጥራል።

ቤት ውስጥ ጠመንጃ አያስፈልጋችሁም። የስፕሪንግ ጠመንጃ ያለ ጥይት ሲተኮስ ፒስተኑ የሚያቆመው አየር ስለማያገኝ ስፕሪንጉና ማኅተሙ (አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ክፍል) ይጎዳሉ፤ ልምምድ እንኳ አይሆንም። ነጭ ወረቀት ላይ 9 ሚሊ ሜትር ጥቁር ክብ ሥራና በ3 ሜትር ርቀት ለጥፈው፤ በ10 ሜትር ያለውን ዒላማ ያክላል። ቁልፍ ያለው እስክሪብቶ እጇ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ ክቡ ላይ ሳለ ትንፋሿን አሳርፋ ቁልፉን ቀስ እያለች ትጫን፤ ቁልፉ መቼ እንደሚጮህ እስካላወቀች ድረስ በትክክል እየሠራች ነው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

ስለ መግዛቱ፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሌለው መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «የአየር ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ይዘህ አትግዛ፣ ከውጭም አታስመጣ። መጀመሪያ ፖሊስን በጽሑፍ ጠይቅ። በታክሲ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ጨርቅ ጠቅልሎ ከልጅ ጋር መሄድ ሌላ ችግር ነው። ስልጠናው ቦታ ይቀመጥ።

ወረቀትና ማስመሪያ

ማነጣጠሪያው የሚበላሽባችሁ አንዱ የሌላውን ቁጥር ስለሚያጠፋ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጠመንጃ ሲተኩስ ዓይኑም ጉንጩም ስለሚለያይ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል፤ ይህ ጤናማ ነው። እንዲህ አድርጉ። 5 ጥይት ተኩስ፣ ማነጣጠሪያውን 10 ክሊክ (ማዞሪያው ቀጭ የሚልበት እርምጃ) ወደ ቀኝ አዙር፣ ሌላ 5 ተኩስ። በሁለቱ ክምችቶች መሀል ያለውን ርቀት ለ10 ስታካፍል አንድ ክሊክ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያንቀሳቅስ ታውቃለህ። ከዚያ በአንተና በእሷ መካከል ያለውን ልዩነት በክሊክ ጻፍና ሰደፉ ላይ ለጥፈው፦ «ለእሷ 6 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ግራ» ዓይነት። ሲፈራረቁ ቆጥሮ መመለስ ነው። የኋላ ማነጣጠሪያው ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት አቅጣጫ ይሄዳል። በአንድ ጥይት አይታረምም፤ 5ቱ ካለቁ በኋላ ብቻ።

ክምችቱን ስትለካ ከዳር ቀዳዳ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ውጫዊ ጠርዝ ለክተህ 4.5 ሚሊ ሜትር ቀንስ። ለልጅቷ ነጥብ አትንገራት፣ ይህን ቁጥር ንገራት። በ10 ሜትር ዒላማ ላይ 10 ቁጥር 0.5 ሚሊ ሜትር ነጥብ ናት፣ 9 ቁጥሩ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጀማሪ እሱን ሲያሳድድ ምላጩን ይነጥቃል።

ወረቀት አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት የምታሳትሙ ከሆነ ስኬሉ 100 ይሁን በሉ። ማሽኑ ገጹን ለማስማማት ብሎ ያሳንሰዋል። ጥቁሩን በማስመሪያ ለካ፣ 30.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት በጥይት ይቀደዳል፣ ቀዳዳው አይለካም፤ ወፍራሙን የካርድ ወረቀት ጠይቅ።

የፊት ማነጣጠሪያው የቀለበት መሰኪያ (ዒላማው በመሀሉ የሚታይበት፣ የሚቀያየር ቀለበት) ካለው ለእሷ ሰፊውን፣ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለውን አድርግላት። በጥቁሩ ዙሪያ ነጭ ብርሃን በደንብ ሲታይ ዓይን መሀሉን በራሱ ያገኛል። ጠባቡ ትክክለኛ ይመስላል፣ ግን ትንሿን እንቅስቃሴ አጉልቶ ስለሚያሳያት ምላጩን ለመሳብ ትፈራለች።

እመ ልደታ

ማንም ስላላነሳው፦ እርሳሱ። ጥይቱን ሲነኩ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ላይ የሚቀረው ግራጫ ቅባት እርሳስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ውስጥ ሰውነታቸው የሚያስገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው፣ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልታወቀም። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ነን። ከተኩስ ወጥታ በቀጥታ እንጀራ እንዳትቆርስ፤ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና፣ ጥፍሯ ሥር ጭምር ትታጠብ። ውኃ ከሌለ ቦታው ላይ ጀሪካን ይያዙ፤ ሳኒታይዘር እርሳስ አያነሳም። ቆሎም ይሁን ብስኩት ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ የሚጠርጉ ከሆነ ልጆቹ ወጥተው ይቆዩ፤ በእርጥብ መወልወያ እንዲያደርጉት ይጠይቁ።

ጾም የምትይዝ ከሆነ ባዶ ሆድ እጅ ያንቀጠቅጣልና በዚያ ቀን 20 ጥይት ይብቃ። በሌላ ቀንም ከ40 አይለፍ። ክምችቷ ከመጀመሪያው በግማሽ ከሰፋ ቁጥሩ ባይሞላም ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የምትለማመደው ድካሙን ነው። ቆሞ መተኮሱን አሰልጣኙ በ3ኛው ሳምንት ካመጣው 4 ኪሎ ለእሷ ስለሚከብድ ከረጢቱን ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጠው ቆማ እንድትደገፍ ይጠይቁላት።