አንካሳዋን ባዝራ ለበቅሎ እርባታ የሚፈልግ መጣ፤ ልስጠው?

ጠያቂ፣ ከሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አስፋልት ዳር የተጣሉ ሁለት ፈረሶች አገኘሁ። ጅብ ከሚበላቸው ብዬ ግቢዬ አስገባኋቸው።

አንዷ ዳማ ባዝራ ናት። ጥርሷን ያዩ ሽማግሌ ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል ብለውኛል። የፊት ግራ ጉልበቷ አብጦ ደርቋል፤ ታነክሳለች። ገጣባዋ ድኖ ጠጉር ማብቀል ጀምሯል። ገለባ ስትበላ ግን ታስላለች። ሁለተኛው ድንጉላ ነው። የኋላ እግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እባጮች አሉ። ሁለቱ ፈንድተው ወፍራም መግል ያወጣሉ።

አሁን ፈላጊ መጣ። አንድ ጋሪ ነጂ ድንጉላውን "ስጠኝ፣ እያከምኩ እሠራበታለሁ" ይላል። አንድ የተሁለደሬ ገበሬ ደግሞ ባዝራዋን ለድንጉላ አህያ አስጠቅቶ በቅሎ ሊያስወልዳት ይፈልጋል። "እግሯ ቢያነክስ ማህፀኗ አያነክስም" አለኝ። የኔ ደሞዝ ሁለቱን ለረጅም ጊዜ አይቀልብም። ምን ይሻለኛል?

የእንስሳት ሐኪም፣ ደሴ

ወንድሜ፣ ከድንጉላው ልጀምር። የሚያስቸኩለው እሱ ነው። የገለጽከው በጋሪ ፈረሶች ላይ ደጋግመን የምናየውን ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይመስላል። የፈንገስ በሽታ ነው። በቁስል ይገባል፤ በዝንብና በጋራ ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ግን በዓይን ብቻ አይቆረጥም። ግላንደርስ የሚባለው በሽታም እንዲህ ያለ እባጭ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ መግሉን በባዶ እጅህ አትንካ። ናሙና ይወሰድለት፤ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ፈንገስ ከሆነና ገና ጅምሩ ላይ ከሆነ በፖታሲየም አዮዳይድ ይታከማል። ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል፤ መጠኑን ሐኪም ነው የሚወስነው። ገላውን ከወረሰው በኋላ ግን መድኃኒቱ ብዙም አይረዳውም።

ውጤቱ እስኪመጣ ለማንም አትስጥ። ከባዝራዋም ዛሬውኑ ለያቸው። ይህን የምለው ለእባጩ ብቻ አይደለም። ዶሪን የሚባል በስሪያ ጊዜ የሚተላለፍ በሽታም አለ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድንጉላ ለእርባታ የማይሆነው ለዚህም ነው። ከዳነ በኋላ ይኮላሽ። በድንጋይና በዱላ አይቀጥቅጡት፤ ሐኪም አደንዝዞ ያድርገው። ዝንብ የሚያንስበት የበጋ ወር ይሻላል።

ባዝራዋን በተመለከተ፣ እርግዝና 11 ወር ገደማ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የጽንሱ ክብደት በዚያ በታመመው ጉልበት ላይ ያርፋል። ከወለደች በኋላም ወተት ለመስጠት ከወትሮው እጥፍ ያህል መኖ ትፈልጋለች። ሰውየው ማህፀኗን ብቻ ነው ያየው። እኔ ብሆን አላስጠቃትም። ገለባውን ውሃ እየረጨህ ስጣት፤ የሚያስላት አቧራው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቅ። መንገድ ላይ ስትንከራተት ተጠቅታ አርግዛ ይሆናል። ሐኪም እጁን አስገብቶ ይመርምራት።

የቀድሞ ጋሪ ነጂ፣ ኮምቦልቻ

ኸረ ወንድሜ፣ ለጋሪ ነጂው እንዳትሰጠው! ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። እኔም እንደሱ ነበርኩ። አንዱ ፈረሴ እንዲህ ያለ እባጭ ሲያወጣ "ትንሽ ነው" ብዬ ሠራሁበት። ልጓሙንና የአንገት ዕቃውን ለሁለተኛው አጠለቅኩለት። ሁለቱንም አጣኋቸው። እየሠራ የሚታከም ፈረስ የለም፤ ልጆች ዳቦ ሲጠይቁህ ማሳረፍ አይሆንልህም። ድንጉላው የነካውን ገመድ ሁሉ አቃጥለው።

አንድ አባት፣ ከለጋምቦ

ልጄ፣ ወሎ ፈረስ የሚያውቅ አገር ነው። ንጉሥ ሚካኤልን እንኳ "አባ ሻንቆ" ብለን በፈረስ ስማቸው ነው የምንጠራቸው። አባቶቻችን በቅሎ የሚያስወልዱት ከደህና ባዝራ ነበር። አቋሟን ያያሉ፣ ሰኮናዋን ያያሉ፣ አፏን ከፍተው ጥርሷ መግጠሙን ያያሉ። የጉልበቷ ጉዳት ከሥራ ከሆነ ለልጅ አይተላለፍም። ከአቋሟ መጣመም ከሆነ ግን ሊወረስ ይችላል። ማን ለይቶ ነገረህ? ሰውየው ሳር አለው ወይ ብለህም ጠይቅ።

እህት፣ ደሴ

እኔ ከዚህ በፊት ሦስት አህዮችና አንድ ፈረስ ለሰው ሰጥቻለሁ። የመጀመሪያውን "ደግ ሰው ይመስላል" ብዬ ሰጠሁ። ከሁለት ወር በኋላ አሸዋ ተጭኖ ገበያ ዳር አየሁት። ጆሮው ላይ ባለው ቅድ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ሳላይ አልሰጥም። የዕድር ዳኛ ባለበት ወረቀት እንጽፋለን፦ እንዳይጭናት፣ እንዳያስጠቃት፣ ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ፣ ካቃተውም ለእኔ እንዲመልስ። ፊርማውን ካስቸገረ መልሱን ያኔ አገኘሁ። በሽታዋንም ሳትደብቅ ንገር።

ጠያቂ

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የከበደኝ ነገር አለ። ድንጉላው የማይድን ከሆነስ? ማስገደሉ ጡር የለውም?

የእንስሳት ሐኪም፣ ደሴ

ጥያቄህ ይገባኛል። ብዙ ሰው በዚህ ፍራቻ ነው አስፋልት ላይ የሚለቃቸው። እዚያ ግን ጅብ በቁሙ ይጀምረዋል። በሐኪም መርፌ ተኝቶ ሳይሰማው ይሄዳል። በኋላ በጥልቀት ይቀበር፤ ውሻም አይንካው። የሃይማኖቱን ነገር ከምታምናቸው አባት ወይም ሼህ ጋር ተመካከር።

ጠያቂ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ

ውጤቱ ፈንገስ ነው፤ ግላንደርስ አይደለም። ሕክምና ጀምሯል፤ ለብቻው አጥሬለታለሁ። ጋሪ ነጂው ተቀይሞኛል። ባዝራዋ ግን የአምስት ወር እርጉዝ ናት! ሐኪሙ ሲነግረኝ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አሁንስ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ደሴ

አብሽር። አሁን ኅዳር ነው፤ ግንቦት ላይ ትወልዳለች ማለት ነው። ያኔ ሳር የለም። ድርቆሹን አሁኑኑ ግዛ፤ ከጥር በኋላ ዋጋው ይወጣል። ፉርሽካና ጥቂት ገብስ ከመጋቢት ጀምሮ ጨምርላት። መሬቱ ለስላሳ ይሁን፤ ጉልበቷን በየሳምንቱ እይ። ሰኮናዋም ይከርከም። እስክትወልድና ውርንጭላው ስድስት ወር እስኪሞላው ለማንም እንዳትሰጣት።

አንድ አባት፣ ከለጋምቦ

ድርቆሽ ከኔ አለ ልጄ። ማዳበሪያ ጆንያ ይዘህ ቅዳሜ ና።